የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» ሁለት ጊዜ ወደ ላይ የወጣው እንዴት ነው?

ባለፈው እትም ስለ ዲስኮ ዘመን ካሴቶች ለቀረበልን ጥያቄ መልስ ስንሰጥ ቦኒ ኤም የተባለውን የጀርመን ዲስኮ ቡድን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰን ማለፋችን ብዙ አንባብያንን ቅር አሰኝቷል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሞጣና ከፍኖተ ሰላም የደረሱን ደብዳቤዎች ቦኒ ኤም ካወጣቸው ዘፈኖች መካከል በተለይ አንዱን የሚመለከቱ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚያ ዘፈን ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የደብረ ማርቆስ መምህር ነኝ። በወጣትነቴ ከሰማኋቸው የውጭ አገር ዘፈኖች ሁሉ «ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» የሚለው ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። በቀደም ዕለት በስልኬ ከፍቼ ሳዳምጥ ጎረቤቴ መሪጌታ ከአጥር ማዶ «ባቢሎን» እና «ጽዮን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይተው ሰሙና ትርጉሙን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። እንደ ነገርኳቸውም «ይህማ ዳዊት ነው፤ እንዴት ለጭፈራ ይውላል?» ብለው በጣም አዘኑ። እኔ ደግሞ ጀርመኖች ለዳንስ ቤት ብለው የደረሱት ዘፈን እንደሆነና ከመዝሙሩ ጋር ያለው መመሳሰል የአጋጣሚ ነገር እንደሆነ ተከራከርኩ። እስካሁን አልተስማማንም። ከዚህ በተጨማሪ በእንግሊዝ አገር አንደኛ ከወጣ በኋላ ወርዶ፣ እንደገና ወደ ላይ ተመልሶ ወጣ የሚባለው እውነት ከሆነ ምክንያቱን ብታብራሩልን ሁለታችንንም ትረዱናላችሁ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ስለ ቃሉ መሪጌታ ትክክል ናቸው። እርስዎ ስለ ዘፈኑ አመጣጥ የተናገሩት ግን መታረም ይኖርበታል፤ ዘፈኑን መጀመሪያ የደረሱት ጀርመኖች አይደሉምና።

ከቃሉ እንነሣ። የዘፈኑ ዋና ክፍል በግእዙ ዳዊት 136ኛ መዝሙር ላይ «ውስተ አፍላገ ባቢሎን» ብሎ የሚጀምረው የምርኮኞች ልቅሶ ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይኸው መዝሙር 137ኛ ተብሎ ይገኛል። ልዩነቱ የመጣው እኛ በምንከተለው የሰብዓ ሊቃናት አቆጣጠር አንድ የሆነውን 9ኛውን መዝሙር ዕብራይስጡ ለሁለት ስለሚከፍለው ስለሆነ፣ ቁጥሩ አልገጠመም ተብሎ መዝሙሩ ሌላ ነው ሊባል አይችልም። በዘፈኑ መካከል የሚመጣው፣ የአፋችን ቃልና የልባችን ሐሳብ በፊትህ ያማረ ይሁን የሚለው ልመናም ከ18ኛው መዝሙር መደምደሚያ የተወሰደ ነው። ዳዊት ደግሞ ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ቃል በቃሉ ያውቀዋል፤ መሪጌታም በማያውቁት ቋንቋ ከአጥር ማዶ ሲዘፈን ሰምተው መለየታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በመዝሙሩ ማብቂያ ላይ ያለው ከባዱ የበቀል ቃል ግን ዘፈኑ ውስጥ አልገባም፤ ዘፈኑ የወሰደው ልቅሶውን፣ ትዝታውንና ልመናውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አመጣጡ እንሂድ። ይህን ዜማ ያወጡት ሜሎዲያንስ የተባሉ የጃማይካ ድምፃውያን ሲሆኑ፣ ደራሲዎቹ ከቡድኑ አባላት መካከል ብሬንት ዳው እና ትሬቨር ማክናውተን ናቸው። ሸክላው የታተመው በ1970 እ.ኤ.አ. በኪንግስተን ከተማ በአሳታሚው በሌስሊ ኮንግ አማካይነት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የጃማይካ ፊልም ውስጥ በመካተቱም ከደሴቲቱ ውጭ ያሉ አድማጮች አወቁት። የዜማው ባለቤቶች የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ ነገሩ ከእኛ አገር ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በራስ ተፈሪያን አነጋገር «ባቢሎን» ማለት ጥቁሮች በባርነት ተግዘው የተወሰዱበት የግፍ ምድርና የገዢዎቹ ሥርዓት ሲሆን፣ «ጽዮን» ማለት ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ እነዚያ ድምፃውያን በወንዙ ዳር ተቀምጠን ጽዮንን ስናስብ አለቀስን ብለው ሲያዜሙ፣ ከኪንግስተን ሆነው የሚያስቡት የእኛን አገር ነበር።

በጃማይካው ሸክላ ላይ ይህ ነገር በግልጽ ተነግሯል። መዝሙሩ «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» በሚልበት ቦታ ሜሎዲያንስ «የንጉሥ አልፋን ዝማሬ» ብለው ነው የሚያዜሙት። ራስ ተፈሪያን ንጉሥ አልፋ የሚሏቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሲሆን፣ እቴጌ መነንን ደግሞ ንግሥት ዖሜጋ ይሏቸዋል። ዝቅ ብሎም ከ18ኛው መዝሙር በተወሰደው ልመና መጨረሻ ላይ «ፋራይ» የሚል ጥሪ ይሰማል፤ ይህም «ራስ ተፈሪ» ከሚለው ስም የተቀነጨበ ነው። ዘፈኑ የወጣው ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን በጎበኙ በአራተኛው ዓመት ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ያ ሁሉ ሕዝብ በዝናብ ውስጥ ቆሞ የጠበቃቸው ዕለት ለእምነቱ ተከታዮች እስከ ዛሬ የሚከበር በዓል ሆኗል።

ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ፍራንክ ፋሪያን ይህንኑ ዜማ ወስዶ ለቦኒ ኤም ሲያዘጋጀው ሁለቱም ቃላት ተነሥተዋል። «ንጉሥ አልፋ» የሚለው ወጥቶ «ጌታ» የሚለው የመጽሐፍ ቃል ተመልሶ ገባ፤ «ፋራይ» በነበረበት ቦታ ደግሞ «በዚህች ሌሊት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ተተካ። እኔ ይህ ለውጥ ያሳዝነኛል። ዘፈኑ ሚሊዮኖች ጆሮ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ኢትዮጵያን የሚያነሡት ሁለት ቃላት ብቻ ተለቅመው ወጡ፤ እኛም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ሻይ ቤቶች ካሴቱን ስናዳምጥ ስለ እኛ የተዜመ መሆኑን የሚነግረን አልነበረም። ፀሐይ ላይ አስጥተን ትንሽ ነፍስ የዘራንበት የባትሪ ድንጋይ መልሶ እስኪደክምና ድምፁ እየወፈረ እስኪዘገይ ድረስ ደጋግመን የሰማነው ዘፈን ነው። ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ በሌላ ልብ እናዳምጠው ነበር።

ይህን ካልን በኋላ ለቦኒ ኤም የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ደግሞ አይገባም። በዘፈኑ ላይ መሪ ድምፅ የሆነችው ሊዝ ሚቸል የተወለደችው በጃማይካ ነው፤ ከእርሷ ጋር የምትዘምረው ማርሺያ ባሬትም እንዲሁ። ለእነርሱ የባቢሎንን ወንዝ ማዜም ባዕድ ነገር አልነበረም፤ ሊዝ ሚቸል «ጽዮን» የሚለውን ቃል ስታወጣ ድምፅዋ ውስጥ የሚሰማው ነገር በማቀናበሪያ ክፍል የሚፈጠር ዓይነት አይደለም። መሪጌታንም ቢሆን ከአጥሩ ማዶ ያስቆማቸው ከበሮው አይመስለኝም።

ጭፈራን በተመለከተ የእሳቸውን ሐዘን እረዳለሁ፤ በእኛ ዘንድ ዳዊት የሚደገመው በጸሎት ሰዓት ሲሆን በገናም በሁዳዴ እንጂ በዘፈን ቦታ አይደረደርም። ነገር ግን የመዝሙሩን ታሪክ አብረው እንዲያስቡልኝ እለምናቸዋለሁ። ማራኪዎቹ ምርኮኞቹን «ከጽዮን ዝማሬ ዘምሩልን» እያሉ ያስጨንቋቸው ነበር፤ እነርሱ ግን የዜማ መሣሪያቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው እንቢ አሉ። በባርነት የተወሰደ ሕዝብ ልጆች ይህን ቃል አንሥተው ሲያዜሙት መዝሙሩን ከማንም በላይ በሚገባ ሰው አፍ ላይ አግኝተነዋል ማለት ነው። ጭፈራው በኋላ የተጨመረ ነው።

ሁለት ጊዜ ወጣ ስለሚባለው ጉዳይ፣ እውነት ነው። ሸክላው በአውሮፓ ገበያ ላይ የዋለው በ1978 እ.ኤ.አ. በጸደይ ወራት ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ ላይ ግንቦት 5 ቀን 1970 ዓ.ም. አንደኛ ሆኖ ለ5 ሳምንታት በዚያው ቆየ። በጀርመን ደግሞ ለ17 ሳምንታት አንደኛ ነበር። በእንግሊዝ ከአንደኛነት ከወረደ በኋላ እንደ ማንኛውም ዘፈን ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ 20ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ሲደርስ ግን የሬዲዮ አቅራቢዎች ሸክላውን ገልብጠው ጀርባውን ማጫወት ጀመሩ። በጀርባው ያለው «ብራውን ገርል ኢን ዘ ሪንግ» የሚለው፣ የጃማይካ ልጆች ክብ ሠርተው አንዷን መካከል አቁመው የሚጫወቱበት የልጆች ዘፈን ነው። አድማጩ ይህንንም ወደደውና ሸክላው ተመልሶ ሽቅብ በመውጣት 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚህ ምክንያት በሰንጠረዡ ላይ በጠቅላላው 40 ሳምንታት ሊቆይ ችሏል፤ በእንግሊዝ አገር ብቻ የተሸጠው ብዛትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ሸክላውን እንጂ ዘፈኑን አለመሆኑ ነው። አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ለፊተኛው ገጽ ሲል ቢገዛም፣ ሌላው ደግሞ ለጀርባው ሲል ቢገዛም የተሸጠው ያው አንድ ሸክላ ነውና በአንድ ስም ይመዘገባል። ይህን ነገር በዓይኔ ያየሁት ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ሸክላ የሚሰበስቡ አንድ አባት ቤት ነው። የያዙት ያኔ የታተመውን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውንና ከትንሽ ሰሐን የማይበልጠውን ነጠላ ሸክላ ነበር። ከመስኮቱ ፊት አቅርበው ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ሲያሳዩኝ የፊተኛው ገጽ ገና እንደሚያብረቀርቅ፣ የጀርባው ገጽ ግን በመርፌው ብዛት ከዳር እስከ ዳር ደብዝዞ ግራጫ እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ቤት በፊት ሸክላው የማን እንደነበረ ባላውቅም፣ ልጆች የነበሩበት ቤት ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄ፦ እኔ ባሕር ዳር የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ስለ ውጭ አገር ሙዚቃ ስታወሩ «ሰንጠረዥ» እያላችሁ ብዙ ጊዜ ትጠቅሳላችሁ። ኮምፒውተር ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን የተሸጠውን የሚቆጥረው ማን ነው? ደግሞስ በአውሮፓ እንዲህ ከተወደደ በአሜሪካ ያን ያህል ያልታወቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ጥያቄ በማንሣትዎ ደስ ብሎናል፤ ቁጥሩ እየተጠቀሰ አቆጣጠሩ ሳይነገር መቅረቱ የዓምዳችን ጉድለት ነበር።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝን ሰንጠረዥ ያዘጋጅ የነበረው የገበያ ጥናት የሚያካሂድ አንድ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከመላ አገሪቱ የተወሰኑ ሙዚቃ ቤቶችን መርጦ ለእያንዳንዳቸው መዝገብ ሰጣቸው፤ ባለ ሱቁ ሸክላ በሸጠ ቁጥር የዚያን ሸክላ ቁጥር በመዝገቡ ላይ በእጁ ይጽፋል። ሳምንቱ ሲያልቅ መዝገቡ በፖስታ ይላካል፤ ከዚያም ተደምሮ ደረጃው ይወጣና በሬዲዮ ይነገራል። በመጀመሪያ ሲቋቋም የተመረጡት ሱቆች 250 ያህል ነበሩ። ሰንጠረዡ ራሱ ለብዙ ዓመታት 50 ዘፈኖችን ብቻ ይዞ ከቆየ በኋላ ወደ 75 ከፍ ያለው በ1978 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር፣ ማለትም ይኸው የቦኒ ኤም ሸክላ አንደኛ በነበረበት ወር ነው። ስለዚህ ከ250 ሱቆች መዝገብ የወጣ ስሌት የአገሩን ሁሉ ገበያ ይወክላል ተብሎ ይታመን ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር እህል በረንዳ ላይ የጤፍ ዋጋ ሲጠና ሁሉም ነጋዴ አይጠየቅም፤ ጥቂቶቹ ተጠይቀው የቀኑ ዋጋ ይታወቃል። መርሁ አንድ ነው። ደካማ ጎኑም ግልጽ ነው፤ በእጅ የሚጻፍ መዝገብ ስሕተት አያጣውም፣ የትኞቹ ሱቆች እንደተመረጡ የሚያውቅ ሰው ካለም ሊጠቀምበት ይሞክራል። ሆኖም ለ40 ሳምንታት ያህል ሳይቋረጥ በሰንጠረዡ ላይ የቆየ ሸክላ በአንድ ሱቅ ስሕተት እዚያ ደረሰ ሊባል አይችልም።

በአሜሪካ ደረጃ የሚወጣው በተለየ መንገድ ነበር። የቢልቦርድ መጽሔት ያዘጋጀው የነበረው ሰንጠረዥ ሽያጭን ብቻ ሳይሆን ዘፈኑ በሬዲዮ ጣቢያዎች ምን ያህል እንደተጫወተም ጨምሮ ያሰላ ነበር። ስለዚህ የሬዲዮ አቅራቢዎች ካልተቀበሉት ገዢ ቢያገኝም እንኳ ብዙ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል። «ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» በዚያ ሰንጠረዥ ላይ የደረሰው 30ኛ ደረጃ ሲሆን፣ ይህም ለቦኒ ኤም በአሜሪካ የተገኘ ከፍተኛው ደረጃ ነው። ከዚህ ሌላ በዚያው ዓመት አሜሪካ የራሷ ዲስኮ ሞልቶባት ነበር፤ ቢ ጂስ የተባሉት ወንድማማቾች ሰንጠረዡን ለወራት ተቆጣጥረውት ነበር። በእኔ ግምት ሌላም ምክንያት አለ። የአሜሪካ ዳንስ ቤት የሚፈልገው ስለ ሌሊትና ስለ ፍቅር የሚዘፈን ዲስኮ ሲሆን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ልቅሶ ግን በየትኛው ፕሮግራም ላይ እንደሚገባ ለሬዲዮ ሰዎች ግራ ሳያጋባቸው አልቀረም። በአውሮፓ ግን ቃሉን በደንብ የማይሰሙት ጀርመኖችም ሆኑ ሌሎች ዜማውን ይዘው አብረው ማዜም ይችሉ ነበር። ጎጃም ድረስ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በ1970ዎቹ አብዛኞቻችን እንግሊዝኛውን አንሰማም፣ ዜማውን ግን እንደ ራሳችን እናዜመው ነበር።

ልጆችዎ በገና በዓል ሰሞን የሚሰሙት «ሜሪስ ቦይ ቻይልድ» የሚለው የቦኒ ኤም ዘፈንም የዚያው ዓመት ሥራ መሆኑን ብጨምር ይፈልጉት ይሆናል። በታኅሣሥ 1971 ዓ.ም. በእንግሊዝ አንደኛ ወጥቶ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ከዳዊት፣ ሌላው ከልደት ታሪክ የተወሰዱ ሁለት ዘፈኖች በዲስኮ ቡድን ተዘፍነው ይህን ያህል መሸጣቸው በዚያ ዘመን የሽያጭ ታሪክ ውስጥ ሌላ አምሳያ ያለው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በሞጣ ከተማ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ራስፑቲን» የሚለውን የቦኒ ኤም ዘፈን በቲክቶክ አውቀዋለሁ። አባቴ ግን በቪዲዮው ላይ ሲጨፍር የሚታየው ወንድ በእውነት አይዘፍንም ይለኛል። «ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» ላይስ እንዲሁ ነው?

መልስ፦ ውድ ተማሪያችን፣ አባትህ ትክክል ናቸው። የምታየው ጨፋሪ ቦቢ ፋረል ይባላል፤ የተወለደው በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በአሩባ ደሴት ነው። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው ወፍራም የወንድ ድምፅ ግን የአዘጋጁ የፍራንክ ፋሪያን ነው። ፋሪያን በመጀመሪያ ቦኒ ኤም በሚለው ስም በ1975 እ.ኤ.አ. ሸክላ ሲያወጣ ቡድን የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ዘፈኑ መፈለግ ሲጀምር ነው በመድረክና በቴሌቪዥን የሚታዩ ሰዎችን ያሰባሰበው። ከአራቱ አባላት በሸክላ ላይ በትክክል የዘፈኑት ሊዝ ሚቸል እና ማርሺያ ባሬት ሲሆኑ፣ ከሞንትሰራት ደሴት የመጣችው ሜዚ ዊልያምስም እንደ ቦቢ ፋረል ሁሉ የመድረክ ሰው ነበረች። ስለዚህ አንተ በጠቀስከውም ሆነ በ«ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» ላይ የሴቶቹ ድምፅ የባለቤቶቹ ነው፤ የወንዱ ግን የምታየው ሰው አይደለም።

ይህ ነገር ማታለል ነው ወይስ አይደለም ብለህ ልትጠይቅ ትችላለህ። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ቦቢ ፋረል መድረኩን የያዘበት መንገድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ያለ እርሱ ዘፈኖቹ በዓይን የሚታይ ሕይወት አይኖራቸውም ነበር፤ ነገር ግን አድማጩ ማን እንደዘፈነለት የማወቅ መብት ነበረው፣ ያ ደግሞ በግልጽ አልተነገረውም። ፋሪያን ይህንኑ መንገድ ከአሥር ዓመታት በኋላ በሌላ ቡድን ላይ ደግሞት ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች የግራሚ ሽልማታቸውን በ1990 እ.ኤ.አ. ተነጥቀዋል። ቦቢ ፋረል ታኅሣሥ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. በሩስያ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አረፈ፤ በዚያችው ከተማ ዘፈኑ የሚተርክለት ሩስያዊው ራስፑቲን የተገደለውም ልክ በዚያው ቀን በ1916 እ.ኤ.አ. ነበር። ፋሪያን ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. በጥር ወር በ82 ዓመቱ ሞቷል።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ በሠርግ ላይ የምንጫወት የባንድ አባላት ነን። አንድ ሙሽራ አባቱ የሚወዱት ስለሆነ ይህን ዘፈን እንድንጫወትለት ጠይቆናል። ስንሞክረው ግን ከበሮአችን ወደ እስክስታ እየሳበው ዜማው ይበላሻል። ዩሮ ዲስኮ የሚባለው ምት ከእኛው በምን ይለያል?

መልስ፦ ወንድሞቻችን፣ ችግሩ የእናንተ አይደለም፤ ሁለቱ ምቶች ከመሠረታቸው የተለያዩ ናቸው። እናንተ በእጃችሁ የለመዳችሁት ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ሆኖ በውስጡ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚሄድ ስለሆነ ትከሻ እንዲነቀነቅ ያደርጋል። የዲስኮ ምት ግን በአራት የሚቆጠር ሲሆን ትልቁ ከበሮ በአራቱም ቁጥር ላይ እኩል ክብደት ይዞ ይመታል፤ አንዱን አጠንክሮ ሌላውን አይተውም። በሙኒክና በሌሎች የጀርመን ከተሞች የተሠራው ዲስኮ ደግሞ በዚህ ላይ ቀለል ያለ፣ ማንም አብሮ ሊያዜመው የሚችል ዜማና የቫዮሊን አጀብ ስለሚጨምር ከአሜሪካው ይለያል። ይህኛው ዘፈን ከሬጌ የተነሣ በመሆኑም ከሌሎቹ የቦኒ ኤም ሥራዎች ይልቅ ረጋ ይላል፤ ፍጥነቱን ከጨመራችሁበት ልቅሶው ይጠፋል።

ስለዚህ ከበሮ መችያችሁ በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ከአራቱ እኩል ምቶች በቀር ምንም እንዳይጨምር አድርጉት። ኪቦርዱ ኮርዶቹን ያለ ጌጥ ይያዝ፤ ኮርዶቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ አስቸጋሪ አይደሉም። ቦኒ ኤም ዘፈኑን የሚጀምሩት ቃል በሌለው የኅብረት ዝማሬ ነው፤ ይህንን አትዝለሉት። ሴት ድምፃዊት ካለቻችሁ መሪነቱን ለእርሷ ስጧት፣ ወንዶቹ ከሥር ሁኑላት። ሜሎዲያንስ የተጫወቱትንም አግኝታችሁ አብራችሁ አዳምጡ፤ «እንዴት እንዘምራለን» የሚለው ላይ ስትደርሱ «ንጉሥ አልፋ» የሚለውን ትሰማላችሁ። ሙሽራው ፈቃደኛ ከሆነ በሠርጉ ላይ ያንን ቃል መልሳችሁ ብታዜሙት እኔ እጅግ ደስ ይለኛል፤ የሙሽራውም አባት ለምን እንደተለወጠባቸው ሲጠይቋችሁ ይህን ገጽ አሳዩዋቸው።